የወይዘሮ እምቢ ዓይን

የፀጉር ማድረቂያው ከሚስማሩ ላይ አልወረደም ነበር። እናትየዋ ይህን ያየችው ዓርብ ምሽት፣ የወንድሟን አስከሬን የምትሸፍንበት አንሶላ ልታመጣ ወደ ሴት ልጇ ክፍል ስትገባ ነው። አየችው እንጂ ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከድሮም ፈሪ ናት። ስልክ ሲጮህ መርዶ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይመስላታል። ጡረታ የወጣው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ወንድሟ ያቺን ትንሽ ዘንዶ በመስታወት ሣጥን ይዞ የመጣ ዕለት፣ «ይህች ነገር አንድ ቀን ትበላሃለች» ብላው ነበር።

«መብላቱን ብትበላልኝማ!» ብሎ ሳቀ።

እውነትም ዘንዶዋ ሦስት ወር ሙሉ እህል ውሃ አላለችም። ወይዘሮ እምቢ ብሎ ስም አወጣላት። ዓርብ ዓርብ፣ ከፍሪጅ በረዶ የሆነች አይጥ አውጥቶ በሙቅ ውሃ ያሟሟታል። ከዚያ የእህቱን ልጅ ማድረቂያ ተውሶ ፀጉሯ እስኪቆም ያደርቃታል፤ እርጥብ አይጥ ከሆነች ወይዘሮ እምቢ ዞራም አታይም። በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ፊቷ ላይ ያወዛውዛል፣ ይለማመጣታል፣ ሣጥኑን በጨርቅ ጋርዶ በእግሩ ጫፍ ይወጣል። ሲመለስ አይጧ እንዳለች ናት።

በዚያ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጥርስ ክሊኒክ የምትሠራው የእናትየዋ ሴት ልጅ የውጭውን በር በቁልፏ ከፍታ ስትገባ፣ አጎቷ ክፍሉ ውስጥ ወድቆ አገኘችው። ጭንቅላቱ የብረት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። በርጩማው ተገልብጧል፣ መቆንጠጫው እጁ አጠገብ ነው። ሣጥኑ ውስጥ አንዲት አይጥ ውሃዋ ሳይንጠፈጠፍ ተጋድማለች። የመጡት ፖሊሶች፣ «እባቧ ስትወረወርበት ደንግጦ ወድቋል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ጉንፋን የያዛት፣ መሐረብ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። ከሰዉ በፊት ሣጥኑ ፊት ቆመች።

«ዓይኗ ምን ሆኖ ነው? ወተት የፈሰሰበት መስሏል።»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ሐኪሙ አጎትሽ ደረት ላይ የሁለት መዳፍ ሰንበር አግኝቷል። አልወደቀም፤ ተገፍቷል። አሥር ሰዓት ገደማ። የት ነበርሽ?»

«ክሊኒክ።»

«ሙሉውን ሰዓት?»

«ለ... ለግማሽ ሰዓት ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ። ብቻዬን።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ከአይስክሬሜ ጎን አይጥ ሲደረድር ማን አይጣላም? ‹ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ› አልኩት። በየሳምንቱ የምለው ነው!» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ጋሼም በየሳምንቱ ‹አንቺ ትበያለሽ፣ እሷ ግን አትበላም፤ ማን ይዘንላት?› ይለኛል።»

እናትየዋ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰማች። ልጇ በካቴና ታስራ፣ ከዚያም ተፈርዶባት፣ ከዚያም እሷ ስንቅ ይዛላት ስትመላለስ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ታያት። መርማሪዋ ሳትጠራት ገባች።

«ልጄ አይደለችም። የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«ይቀመጡ እናቴ። ስለ ዘንዶዋ ይንገሩኝ። ዓይኗ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ቆዳዋን ልትጥል ስትል ነው። ወንድሜ ረቡዕ ምሳ ላይ ነግሮናል። ‹አሁን አታይም፣ ትፈራለች። ቆዳዋን እስክትጥል ማንም እንዳይነካት። የዚህ ዓርብ አይጥ ቀርቷል› አለ። ልጄማ ‹ተመስገን፣ ማድረቂያዬ ዐረፈች› ብላ ቀልዳለች።»

«ምሳው ላይ ማን ማን ነበር?»

«እኔ፣ ልጄ፣ ተከራይዋ ልብስ ሰፊ።»

«ወንድ ልጅዎስ?»

እናትየዋ እፎይ አለች። ቢያንስ አንዱ ልጇ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

«እሱማ የለም! የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ማክሰኞ ወጥቶ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ነው የገባው። እሱን አያንሱብኝ። ስለ ዘንዶዋ ዓይንም የሰማው ነገር የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት? በስልክስ አልሰማም?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እርስዎ ሊመጡ ሲሉ። ‹እንዴ፣ ዓርብ አይደል እንዴ የሚያበላት?› ብሎ ገረመው። በልጆቼ እምላለሁ!»

መርማሪዋ ጻፈች። ከጻፈችው በታችም ሁለት ጊዜ አሰመረች። እናትየዋ ይህን አይታ ደስ አላት።

በተከታዩ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበች። በሣጥኑ ጥግ የወይዘሮ እምቢ አሮጌ ቆዳ እንደ ወለቀ ካልሲ ተጨማዶ ነበር፤ ዓይኗም እንደ መስታወት ጠርቷል። ልብስ ሰፊዋ መርፌዎች የተሰኩበትን ሽርጥ ሳታወልቅ መጥታለች። ሹፌሩ የእናቱን ትከሻ አቅፎ ቆሟል።

«እማዬ፣ አትንቀጥቀጪ እንጂ። አለሁልሽ።»

መርማሪዋ ተናፈጠችና ጀመረች።

«የውጭው በር ተቆልፎ ነው የተገኘው። ስለዚህ ገዳዩ ቁልፍ አለው። ቁልፍ ያላችሁ እናንተ አራታችሁ ናችሁ። ገዳዩ ሰውዬውን ገፋ። ከዚያ ሲያበላ የወደቀ እንዲመስል አይጥ አሟሙቶ ሣጥኑ ውስጥ ጣለ። ግን ሟቹ አይጥ ሳያደርቅ አይሰጥም። ማድረቂያሽ ዓርብ ዕለት የት ነበር?»

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እናትየዋ መለሰች። «ሚስማሩ ላይ።»

ከአፏ ሲወጣ ገባት።

«እንግዲያው ሟቹ አላበላም» አለች መርማሪዋ። «ሊያበላም አላሰበም፤ ባለፈው ረቡዕ ምሳ ላይ ከልክሏል። ያንን የሰሙት ሦስቱ፣ ለማስመሰል ከቶ አይጥ አይመርጡም ነበር። አይጥ የሚመርጠው ረቡዕ እዚህ ያልነበረ፣ ዓርብን እንደ ወትሮው ዓርብ ያሰበ...»

«ይብቃ!» አለች እናትየዋ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገፋሁት!»

«እርስዎ ምሳው ላይ ነበሩ እናቴ። ራስዎ ነው የነገሩኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን እያየች፣ «ሟቹ ሐሙስ በስልክ ሲቆጣ ሰምቻለሁ» አለች። «‹እስከ ዓርብ ራስህ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ› ሲል።»

«የደወለው ለእህቱ ወንድ ልጅ ነው» አለች መርማሪዋ ወደ ሹፌሩ ዞራ። «ባለፈው ሳምንት ሰኞ ንጋት ላይ አንዲት መንገድ ጠራጊ በጭነት መኪና ተገጭታ ሞታለች። የገጫት አልቆመም። የጋራዡ ዘበኛ እንደሚለው ያንተ መኪና ዓርብ የገባው ማታ ሳይሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የፊት መብራቱም አዲስ ነው። አጎትህ የተሰበረውን መብራት አይቶት ነበር፣ አይደል?»

የሹፌሩ ክንድ ከእናቱ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጋሼ ስልኩን አነሳ» አለ። «ፊቴ ቆሞ ለፖሊስ ሊደውል። ልነጥቀው ብዬ ነው እንጂ... እማዬ፣ ጭንቅላቱ ሲመታ የወጣው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።»

«እኔስ?» አለች እህቱ። «አምስት ቀን ሙሉ እኔን ሲያፋጥጡኝ ቁጭ ብለህ አየህ?»

ሁለት ፖሊሶች ከኮሪደሩ ገብተው እጁን ያዙት። እናትየዋ ሁልጊዜ ክፉው ከወዴት እንደሚመጣ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ሁሉን በር ስትጠብቅ ይህን አንዱን ራሷ ከፈተችው። ደጃፉ ድረስ ተከተለችውና ሌላ ቃል አጥታ፣

«ምሳ በልተሃል?» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። አልበላም።

ሲመሽ ልጅቷ ከፍሪጅ አንዲት አይጥ አወጣች፤ «ጋሼ ይኼን ነበር የሚያደርገው» ብላ። በሙቅ ውሃ አሟሟታ፣ ማድረቂያውን ከሚስማሩ አውርዳ ፀጉሯ እስኪቆም አደረቀቻት። በመቆንጠጫው ይዛ ስታወዛውዝ ወይዘሮ እምቢ አንገቷን አነሳች፣ ምላሷን ብልጭ አደረገች፣ ተወረወረች።

«እማዬ! በላች!»

እናትየዋ መጥታ አየች። የዘንዶዋ ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ጉብታው ቀስ እያለ ወደ ሆዷ ሲወርድ። ሦስት ወር ሙሉ የለመናት ሰው ግን አሁን የለም። «ዛሬ ነው የምትበይው?» አለቻትና ጨርቁን ጋረደችባት።

ከዚያ ወደ ውጭው በር ሄደች። ልጇ መንዳት ከጀመረ ወዲህ፣ በፈለገው ሰዓት በቁልፉ ከፍቶ እንዲገባ ብላ የውስጡን መቀርቀሪያ ዘግታ አታውቅም። ብረቱ ዝጓል። በሁለት እጇ ይዛ ታገለችው፤ ሲጥ ሲጥ አለ፤ እንደ ምንም ብሎ ገባ።

ቀረቀረችው።