ለሐመረ ብርሃን የመጣ እዝን

ወይናት ከዓለም በተቆረጠችበት ማለዳ ዶክተር ልሳነወርቅ ጥሩነህ ሻዩን በእርጋታ እያማሰለ በመስኮት ይመለከት ነበር። ከተማ መቁረጥ የዘወትር ሥራው ነውና ልቡን አላወከውም። ተንሳፋፊዎቹ፣ ማለትም ያለ አብራሪ እህልና መድኃኒት የሚያደርሱት የአየር መርከቦች፣ ከወይናት ሰማይ አንድ በአንድ ዞረው ተመለሱ። ቀጥሎ መብራቱ ጠፋ፤ በመጨረሻም የመልእክት መስመሩ ዝም አለ። ከሜዳው ማዶ፣ ከተራራው ግርጌ የተኛችው ያቺ ትንሽ ከተማ ምን እንደ ደረሰባት የሚነግራት አልነበረም። ሕጉም ይህንኑ ያዛል።

አሠራሩ «ግርዶሽ» ይባላል፤ የነደፈው ራሱ ልሳነወርቅ ነው። የአገሪቱን ቀለብ የሚያከፋፍለው «መጋቢ» የተሰኘው ታላቅ የስሌት አእምሮ፣ አንድ ማኅበረሰብ ሁሉ ነገር ቢቋረጥበት ምን ያህል እንደሚጸና ለማወቅ ሳያስጠነቅቅ ይቆርጠዋል። በየጣሪያው የተሰወሩ ጥቃቅን ዓይኖች የሚሆነውን እየተመለከቱ ነጥብ ይሰጣሉ። የጸናው ይጠበቃል፤ የላላው ይታጠፋል። መታጠፍ ማለት ነዋሪዎቹ ወደ ታላላቅ ከተሞች ተበትነው የቦታው ስም ከመጋቢ ካርታ መፋቁ ነው። ልሳነወርቅ ይህን ጭካኔ ነው ብሎ አያውቅም። «አገር የድንጋይ ካብ ነው፤ የላላውን ድንጋይ በደኅና ቀን ያልፈለገ ግንበኛ በጎርፍ ቀን ያገኘዋል» ይል ነበር።

ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ አብልጦ የሚኮራበት አንዱ ነው፤ የተጀመረ ግርዶሽ ጊዜው ሳይፈጸም በማንም ትእዛዝ አይቋረጥም። ርኅራኄ ፈተናውን እንዳያበላሸው ብሎ የጻፈው እርሱ ነው።

ወይናቶች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጭምትነት አሳለፉ። ጎተራቸውን ቆለፉ፤ የቀን ድርሻቸውን በቁና እየሰፈሩ ተካፈሉ። ነጥባቸው ከፍም ዝቅም ሳይል ቆየ። ልሳነወርቅም ነገሩን ለረዳቱ ለኢንጂነር ዓይናለም ትቶ ወደ መጻሕፍቱ ተመልሶ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግን የሐመረ ብርሃን አሳንሰሮች በያሉበት ቆሙ። ሐመረ ብርሃን የምርምር ማዕከሉ የሚገኝበት፣ ከሜዳው መካከል እንደ ዓምድ የተተከለ፣ ብቻውን ከተማ የሆነ ሕንፃ ነው። ተንሳፋፊዎቹ ወደ ሰገነቱ ተጠግተው ነበር፤ ሳያራግፉ ዞሩ። መብራቱም ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች እየጠፋ ሄደ። የተረፈው በራሱ ባትሪ የሚሠራው የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ብቻ ነበር።

ዓይናለም እያለከለከች ገባች። «መጋቢ በእኛም ላይ ግርዶሽ አውጇል።»

«ብልሽት ነው። ሰርዢው።»

«አይሰረዝም፣ ዶክተር። አንቀጹን የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ልሳነወርቅ ግርዶሹ መቼ እንደሚያበቃ በሚገባ ያውቅ ነበር። የወይናት ሲነሣ የእነርሱም አብሮ ይነሣል፤ ሰው የሚሞትበት ርዝመት የለውም። ይህንኑም በየፎቁ አስነገረ። ይሁን እንጂ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሆድ ደግሞ የራሱ ጆሮ አለው። በማግሥቱ የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች የውኃ ታንከሩን በር በሰንሰለት አሰሩ። ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ስለ መተባበር ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ባልደረባቸው ነበር። ክሊኒኩ ከውስጥ ተቀረቀረ። በኮሪደሩ ሲተላለፉ «እንዴት አደርክ» የሚባባሉት ሰዎች አሁን አንዱ የሌላውን ቦርሳ ይመለከቱ ጀመር።

ልሳነወርቅም በኃላፊነት ቁልፉ የምግብ አዳራሹን መጋዘን ከፈተ። የደረቅ ምግብ ካርቶኖችን አንሥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቢሮው አስገባና ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ሸሸጋቸው። ራሱን የሚያሳምንበት ቃል አላጣም፤ «ራስ ከደከመ አካል ይወድቃል» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር። ሆኖም ከመውጣቱ በፊት ካርቶኖቹ ከበሩ እንዳይታዩ መጻሕፍቱን አስተካከለ።

በዚያው ቀን ሰሌዳው ላይ የወይናት ስም ነጥቡ ወርዶ ቀላ። የጎተራዋ እህል አለቅጥ ይጎድል ነበር።

«ንጥቂያ» አለ ልሳነወርቅ፤ በድምፁ ውስጥ እፎይታ የሚመስል ነገር ነበረ። «መጋቢ ራሱ እንዲህ ነው የፈረጀው።»

ዓይናለም ምስሉን አቀረበችው። «ማን ይናጠቃል? ይመልከቱ እንጂ። ተሰልፈዋል። ያቺ ሴትዮ በቁና እየሰፈረች ትሰጣለች፤ ሌሎቹ በጆንያ ያስራሉ። አንድ ሰው እንኳ አልተገፋም።»

«እንግዲያስ የተደራጀ ንጥቂያ ነው።»

«የተደራጀ?» ሳቋ አመለጣት። «ዶክተር፣ የእኛ ፎቅስ ምን ሊባል ነው? ያልተደራጀ?»

ልሳነወርቅ ከምስሉ ዞረ። መዳፉን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ ፍርዱን አተመ፤ ወይናት ትታጠፍ። ፍርዱ ግርዶሹ ሲነሣ የሚጸና ነበር።

ዓይናለም ግን አልወጣችም። «ሌላም ነገር አለ» አለች፤ አሁን አትስቅም። «የመጋቢን ስሌት ከሥሩ ስመረምር ነው ያደርኩት። ብልሽት የለበትም። ‹ከሁሉ የላላውን ማኅበረሰብ ፈልገህ ፈትን› ብለን ነበር ያዘዝነው። ፈለገ፤ እኛን አገኘ። ከወይናት ሥር ስማችን ከነነጥባችን ተጽፏል።»

«ዝጊው።»

«ቁጥሩን አያዩትም?»

«ዝጊው አልኩሽ!»

ግርዶሹ ሊነሣ በቀረበበት ቀን ረፋዱ ላይ ከሕንፃው ግርጌ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ወፍራም፣ የሚያቃስት፣ ከማሽን የማይወጣ ድምፅ ነበር። ዓይናለም በመስኮት ወደ ታች አየች። በሜዳው ላይ የአህዮች ረድፍ ቆሟል፤ ከፊት አንድ ሰው ጡሩምባ ይነፋል።

እንግዶቹ በደረጃው ሽቅብ ለመድረስ እስከ ቀትር ፈጀባቸው። ወንዶቹ ጆንያ፣ ሴቶቹ ሰፌድና እንስራ ተሸክመዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወደ አዳራሹ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ የወይናት እድር ዳኛ አቶ ሽብሩ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለልሳነወርቅ እጅ ነሡ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉ። «ሟቹ ማን ነው?»

«የምን ሟች?» አለ ልሳነወርቅ።

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዘወር አሉ፤ መርዶ ያልደረሰው ሰው እንዳያስደነግጡ የፈሩ መሰሉ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያቺ በቁና ስትሰፍር በምስል የታየችው ባልቴት፣ ሰፌዷን አስቀምጣ ተናገረች።

«መብራታችሁ ሲጠፋ አየን። እኛማ ጠፍቶብን ሰንብቷል፤ እሱ ምንም አይደል፣ ድሮም ጭልጭል ነው። እናንተ ግን ጠፍታችሁ አታውቁም። ድምፃችሁም የለ። መብራት ያልበራበት፣ ድምፅ ያልወጣበት ቤት ምን ሆኖ ነው? ሰው ሞቶበት ነው እንጂ! ሐዘን ቤት ደግሞ እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ነው የሚያበላው። እዝን ይዘን መጣን።»

«ጡሩምባውን ለጌጥ የሰቀልነው መስሎን ነበር» አሉ አቶ ሽብሩ፤ «ሲነፋ መጀመሪያ የወጣችው ሸረሪት ናት።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «ይህን ደረጃ ስንወጣም ለጥሩወርቅ ምን አልኳት መሰለዎ፤ ሟቹ ከዚህ ከፍታ ከኖረ ወደ ሰማይ ብዙ መንገድ አልቀረው ኖሯል!»

«በሐዘን ቤት ይቀልዳል፣ አያፍርም!» ብላ ጥሩወርቅ ገሠጸቻቸው፤ እርሷም ግን ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«የራሳችሁስ ቀለብ?» አለ ልሳነወርቅ። «ተቋርጦባችሁ እያለ?»

«ገምሰን ነዋ ያመጣነው» አለች ጥሩወርቅ። «ገሚሱ አለ።»

የንፍሮው ሽታ በኮሪደሩ ሲሰማ የተቀረቀሩ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰዎች ከየክፍላቸው እየወጡ ግድግዳ ታከው ቆሙ፤ ቀድሞ ሰፌዱን ሊነካ የደፈረ አልነበረም። የታንከሩ ቁልፍ ያዥ ሰንሰለቱን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጥሩወርቅ ሐዘን ያደከማቸው መስሏት ለእያንዳንዳቸው እያፈሰች በእጃቸው ላይ ታስቀምጥ ጀመር።

ከዚያም መቀመጫ ስትፈልግ ወደ ልሳነወርቅ ቢሮ ገባች። ወንበሩን ስትስበው መደርደሪያው ተንሸራተተ፤ ካርቶኖቹ ታዩ። ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይናለምም ከኋላው ነበረች፤ እርሷም አየች።

«ውይ፣ የኔ ልጅ!» አለች ጥሩወርቅ፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «አንተም ለለቀስተኛ አስቀምጠህ ኖሯል! እዩት እስቲ፣ ሐዘን ላይ ሆኖ ለእንግዳ ያስባል። ተባረክ፣ ክፉ አይንካህ።»

ምርቃቱ እንደ እሳት አቃጠለው። ዓይናለም ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች፤ እንዳላየች ከምትሆን ይልቅ ብትሰድበው በወደደ ነበር። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጥቂት ዝምም አለ፤ በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረችው ያች ጥቂት ዝምታ ነበረች።

«ለእንግዳ አይደለም፣ እማማ» አለ በመጨረሻ። «ለራሴ ደብቄው ነው። ሰውም አልሞተም። ነገሩ ሁሉ ፈተና ነበር።»

አቶ ሽብሩ ከአዳራሹ ቀረብ አሉ። ልሳነወርቅ ቁጣቸውን ጠበቀ፤ ይገባኛልም አለ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ሰው አልሞተም? ተመስገን!» ከዚያ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ እንደ ተመለሰበት አባት በርኅራኄ አዩት።

«ፈተና አሉ? እናንተን እንዲህ በጨለማ፣ በረኀብ ፈተኗችሁ? ምን ዐይነት ሰዎች ናቸው!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ… አለፋችሁ ወይ?»

ልሳነወርቅ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደ፤ የሸሸውን ቁጥር አሁን ቆሞ አነበበው። ከዚያ መዳፉን አሳርፎ የወይናትን ፍርድ ሻረ። መጋቢ ለስላሳ በሆነው ድምፁ የመሻሩን ምክንያት ጠየቀ።

«ፈታኙ ለመፈተን የበቃ አልነበረም» አለ ልሳነወርቅ።

ሲመለስ አቶ ሽብሩ አሁንም መልሱን ይጠብቁ ነበር።

«ወደቅን፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የሚያጽናና ቃል ፈለጉ፤ አላገኙም መሰል ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ጥሩወርቅ ግን የሚፈለግ ነገር እንዳለ እንኳ አላወቀችም። ንፍሮውን በሁለት እጇ ዘግና ወደ እርሱ ዘረጋችው።

«እንካ፣ እህል ቅመስ» አለችው። «የወደቀም ሰው ይርበዋል።»

ተቀበላት። በቆመበትም ፊቱን ሳይሰውር በላ።