ሰባት ቤት በኬኒንግተን

ለንደን እንዲህ ናት፤ ሦስት ጣት በረዶ ከጣለባት ባቡሩም ይቆማል፣ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል፣ ሰውም ሌላ ወሬ ያጣል። የዚያን ዐርብ ጠዋት ግን ዓይናዲስ በረዶውን ከጉዳይም አልቆጠረችው። ከምትሠራበት የሆሎዌይ ፋርማሲ የአንድ ቀን ዕረፍት ወስዳ፣ ኬኒንግተን ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆማ ልዑልቃልን ትጠብቃለች። ልዑልቃል እሑድ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ከዚያ በፊት የቅድመ አያቶቹን ስም ማግኘት አለበት። ካላገኘ አባቷ አይመርቁም፤ አባቷ ካልመረቁ ደግሞ እሷ አታገባም። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ እሳቸውን አስቀይማ ለመዳር ልቧ አይችልም።

የተዋወቁት ከአምስት ወር በፊት ነው። ልዑልቃል ከአዲስ አበባ ለሥልጠና እንደመጣ ጉንፋን ጣለውና ፋርማሲው ገብቶ፣ ተራ ሲጠብቅ «ኧረ ይቺ ሀገር ገደለችኝ» ብሎ በአማርኛ አጉረመረመ። እሷም «አይዞህ፣ እዚህ ሀገር ሰው ቀጠሮ ይዞ ነው የሚሞተው» አለችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ፣ «አንቺ እንደ ድሮ ሬዲዮ ነው የምታወሪው» አላት። ለንደን ተወልዳ አማርኛዋን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሀገር ከወጡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ተቆጣችው። በአራተኛው ቀን ጉሮሮው ድኖም ሲመጣ ግን ደስ አላት።

ነገር የመጣው ባለፈው እሑድ ነው። አባቷ አቶ ተክለ ሃይማኖት፣ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ቶተንሃም ቤታቸው ምሳ ጋበዙት። ተበልቶ እጅ ከተታጠበ በኋላ «በል እንግዲህ፣ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አሉ። ወጉ ነው፤ ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አለመሆናቸው ሳይታወቅ ጋብቻ የለም። ልዑልቃል የእናቱን ወገን እንደ ውሃ አወረደው። ወደ አባቱ ሲዞር፣ «ሌዊ፣ ዊልያም፣ ሃርት...» አለና ቆመ። አያቱ ዊልያም እንግሊዛዊ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ኢትዮጵያ ገብቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ያረፈ መካኒክ ነው።

«ሃርት እኮ ሰው አይደለም» አለች ዓይናዲስ ሳታስበው። «የቤተሰብ ስም ነው። እዚህ አባትም ልጅም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት።»

ልዑልቃል ክው አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሃርት የሚባል ቅድመ አያት ነበረኝ ብሎ ኖሯል። አቶ ተክለ ሃይማኖት ግን አልሳቁም። «ቆጥረህ ና፤ ያኔ እንነጋገራለን» ብለው ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ።

እና አሁን በስስ ስኒከር በረዶውን እየረገጠ መጣ። በእጁ የአያቱን የድሮ ደብዳቤ ይዟል፤ ፖስታው ላይ አያቱ ያደገበት ቤት ቁጥርና የመንገድ ስም አለበት።

«እንኳን ወደ አያትህ ሀገር በደህና መጣህ» አለችው።

«ባለሀገሩ እኔ፣ መንገድ መሪዋ አንቺ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«ቡዳዋ ናት እንግዲህ ጓንት ያመጣችልህ።»

መንገዱን አገኙት፤ ቤቱ ግን የለም። በቦታው የከተማው አስተዳደር የሚያከራየው የካውንስል ፎቅ ቆሞበታል። ልዑልቃል ከፎቁ ፊት ለፊት ቆመ። እሷም ፊቱን አየችው።

«ምን ተሰማህ?»

«እግሬ አይሰማኝም።»

ሳቀች። እሱ ግን ወዲያው ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አያቴ አዲስ አበባ በረዶ ሲጥል ባዶ ራሱን ደጅ ወጥቶ ይቆም ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። ናፍቆት መሆኑን ማን ነገረን?»

ዓይናዲስ ክንዱን ያዘችው፤ በዚያው ይዛው ሄደች።

በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወርደው የሰፈሩ የድሮ ሰዎች የሚቀበሩበት ትልቅ መካነ መቃብር ገቡ። ጠባቂው «ሃርት» የሚለውን ስምና የፖስታውን አድራሻ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ የመቃብሩን ቁጥር በወረቀት ጻፈላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ በዛፎቹ ሥር ዞሩ። ድንጋዩን ያገኘችው እሷ ናት። ተንበርክከው በረዶውን በእጃቸው ጠረጉ። ከላይ ኤድዋርድ፣ ከሥሩ ልጁ ጆሴፍ፣ ከሱ ሥር የጆሴፍ ልጅ ቶማስ፤ «የዊልያም አባት» ይላል። ልዑልቃል ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበባቸው። ከኤድዋርድ በላይ ግን ምንም የለም።

«ሌዊ፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ ጆሴፍ፣ ኤድዋርድ። አምስት» አለ።

«ሁለት ጎደለ» አለች። ቀኑ እየመሸ ነው፤ የእሑዱ በረራም ቀርቧል። «ጆርጅና ሄንሪ በላቸው። አባዬ በምን ያውቃል?»

ቀና ብሎ አያት።

«ዓይኔ፣ እኔ እወድሻለሁ። ስለምወድሽ ነው አባትሽን ዋሽቼ የማልወስድሽ። እምቢ ካሉም እውነቱን ሰምተው እምቢ ይበሉ።»

አፈረች። ግን ከዚያች ደቂቃ በላይ ወዳውም አታውቅም።

ቶተንሃም ሲደርሱ አቶ ተክለ ሃይማኖት በመስኮት አውቶቡሶቹን እያዩ ነበር። «በበረዶ ፍሬን አይረገጥም፤ ይሄን ልጅ ማን አስተማረው?» አሉ ለራሳቸው።

ልዑልቃል ሱሪው ጉልበቱ ላይ በበረዶ እንደረጠበ፣ ሳይቀመጥ አምስቱን ቆጠረ። «ሁለቱን አላገኘኋቸውም፣ አባባ። ልዋሽዎት አልፈለግሁም።»

«እኔ ዋሽ ብዬው ነበር» አለች ዓይናዲስ።

አባቷ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ? እስቲ የራስሽን ቁጠሪ።»

«ተክለ ሃይማኖት... ቢተው...» አለች። ከዚያ ወዲያ የለም። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ቁጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። «የሰው ልጅ በበረዶ ተንበርክኮ አያቶቹን ሲፈልግ ይውላል» አሉ አቶ ተክለ ሃይማኖት። «የእኔ ልጅ አያቷን አታልፍም። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው። ነይ፣ ተቀመጪ።»

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩላት። «ተክለ ሃይማኖት፣ ቢተው፣ ወርቅነህ፣ ይመኑ፣ ወልደ ሰንበት፣ ዘለቀ...»

ስድስተኛው ጣት ላይ ቆሙ። ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ስም አልወጣም።

«ጠፋኝ» አሉ በቀስታ። «አርባ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጠፋኝ።»

ዓይናዲስ እጃቸውን ያዘች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«እኛ እንፈልጋቸዋለን፣ አባባ» አለ ልዑልቃል። «ቀበሌውን ብቻ ይንገሩኝ። የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም።»

«እኛ ማለት?»

«እኔና ልጅዎ።»

አቶ ተክለ ሃይማኖት መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ» አሉት በመጨረሻ። «ከዚያ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ለሽማግሌዎቹ ግን ስድስት ላይ መቆሜን እንዳትነግራቸው።»