ጊታሩ ፀጥ የሚልበት አቅጣጫ

«ተሠርቷል ቲቸር። አሁን ትንፍሽ አይልም» አለች ጉሮሮ የሚሏት ልጅ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

ቀጭኔ የሚሏት ጓደኛዋ አጠገቧ ቆማለች። የገዛ ጊታሯ መሠራቱን የሰማችው ያኔ ነው። እሷ እስከምታውቀው ድረስ ጊታሩ እቤት፣ በአልጋዋና በቁም ሳጥኑ መካከል ተደግፎ ቆሟል። የነካው ሰው የለም። ትናንትም እንደ ወትሮው ሲያጉረመርም ነው የዋለው።

የሙዚቃ መምህሩ እፎይ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። አምና በትምህርት ቤቱ የመዝጊያ ዝግጅት ላይ የክብር እንግዳው አፋቸውን ሲከፍቱ ማይክሮፎኑ ጮኸ፤ እንግዳው አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ትንኝ ሲሰሙ እንኳ የሚያዩት ወደ ሶኬቱ ነው። ለዘንድሮው ዝግጅት ለቀጭኔ የሰጧት ምርጫም አጭር ነበር፤ ጊታሩ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ሌላ ጊታር ስለሌለው፣ እሱ ከቀረ እሷም ትቀራለች።

ነገ ከሰዓት በልምምዱ ላይ እንደሚሰሙት ነግረዋቸው ሄዱ።

ጉሮሮ የምትዘፍነው ናት፤ ቀጭኔ ደግሞ ጊታር የምትጫወተው፣ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ። ስሞቹን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። ሰባተኛ ክፍል ላይ መጡ፣ በዚያው ቀሩ።

«ምን ነካሽ?» አለች ቀጭኔ።

«ወንድሜ ነገ ጠዋት ይሠራዋል። ያንን አሮጌ ፒክአፕ፣ ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ ማንሻ፣ ነቅሎ አዲስ ይገጥምበታል፣ አለቀ። ታዲያ ምኑ ነው ውሸት? አንድ ቀን የቀደመ እውነት ነው።»

የጉሮሮ ወንድም ስልክ ጠጋኝ ነው። በእሱ እምነት አዲስ ዕቃ ተገጥሞለት የማይድን ነገር የለም።

ጊታሩ ኤሌክትሪክ ጊታር ምን መምሰል እንዳለበት ገና ባልተወሰነበት ዘመን የተሠራ ነው። ሰውነቱ እንደ መክተፊያ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ አንገቱ ዘነዘና ያህላል። ቀለሙ አንድ ጊዜ ነጭ ነበር ይባላል፤ አሁን የቅቤ መልክ አለው፣ እንደ ደረቀ ተረከዝም ተሰነጣጥቋል። ሁለት ማዞሪያ አለው። አንደኛው ድምፅ ይጨምራል፤ የሁለተኛውን ሥራ የሚያውቅ አልተገኘም። ክሩን በስሱ ሲነኩት ጎረቤት ክፍል ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ይሰማል፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይቆጣል። ቀጭኔ ሌሎች ጊታሮችን ሞክራ ታውቃለች። ሁሉም እንደታጠበ ሰሃን ንጹሕ ናቸው፤ አይቆጡም።

ችግሩ እጅ ከክሩ ሲነሣ ነው። ያኔ ጊታሩ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ዝዝዝ ይላል።

ቀጭኔ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አጎቷ ሄደች። የእናቷ ወንድም ነው፤ ጊታሩን የሰጣትም እሱ። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። በክፍሉ መደርደሪያ ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተደርድረዋል፤ ለገባ ሁሉ ይስቃሉ። የጊታሩ የብረት ክዳን፣ ድሮ ክሮቹን ይሸፍን የነበረው፣ ጠረጴዛው ላይ የመቅረጫ ቢላዎች ማስቀመጫ ሆኗል።

ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ፒክአፑ እንዲቀየር ይፈቅድ እንደሆነም ጠየቀችው። አጎቷ ከሚቀርጸው የሰም ጥርስ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ጊታሩ የእሷ እንደሆነ፣ ከፈለገች ጎማ ልትገጥምለት እንደምትችል ነገራት።

«ጋሼ፣ አንተ ግን ጩኸቱን ምን ታደርገው ነበር?»

«እዞር ነበር።»

«ወዴት?»

ቢላውን አስቀመጠና መጥረጊያውን እንደ ጊታር ታቀፈ። ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት ጆሮ ማለት ነው አላት፤ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ጆሮ። ክሩን ብቻ ሳይሆን የቤቱን መብራትና የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ይሰማል። አንድ አቅጣጫ አለ፣ ወደዚያ ሲያዞሩት ግን ምንም አይሰማም። በየአዳራሹ ይለያያል። እንዲህ እያለ ከነመጥረጊያው በዝግታ ዞረና ፊቱን ለመንጋጋዎቹ፣ ጀርባውን ለቀጭኔ ሰጥቶ ቆመ።

ቀጭኔ ያንን ጀርባ ታውቀዋለች፤ ማለትም ወሬውን ታውቃለች። በቤተሰቡ ዘንድ አጎቷ ባንድ ውስጥ ገብቶ የኮራ ሰው ነው። ለሰርግ ተጠርቶ ለሙሽራዋ አባት ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት አመሸ፤ አባትየው ተቀየሙ፤ ባንዱም አሰናበተው። እናቷ ይህንን ስትተርክ ሁልጊዜ ራሷን ነቅንቃ ነው የምትጨርሰው።

«የሰርጉም ቀን ለዚህ ነበር?»

«ሰውየው የተቀመጡት በጩኸቱ በኩል ነበር። ምን ላድርግ?»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ኮራ ይበሉኝ ብዬ ነዋ። የኮራን ሰው ይጠሩታል። ጊታሩ የተበላሸበትን ግን ማን ይጠራዋል?»

«ከዚያስ ጠሩህ?»

«አልጠሩኝም» አለና ከጥርሱ ላይ የሰሙን ፍርፋሪ እፍ አለው።

ልትወጣ ስትል ስለ ፒክአፑ አንድ ነገር ጨመረላት። «ጩኸቱም ድምፁም ያሉት እዚያው ሽቦ ላይ ነው። አንዱን ስትነቅዪ ሌላው ተከትሎት ይወጣል። ይህንን ዕወቂና የፈለግሽውን አድርጊ።»

በማግስቱ ጠዋት ቀጭኔ ጊታሩን ወደ ስልክ ጠጋኙ አልወሰደችም። ጉሮሮ ይህንን የሰማችው በዕረፍት ሰዓት ነው፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እና እኔ ውሸታም ልሁን?»

«ሆነሻል እኮ።»

ለጥቂት ጊዜ ተኮራረፉ። ጉሮሮ ኩርፊያ አይሆንላትም፣ ዝምታ ይጠይቃላ። ቀጭኔ የአጎቷን ዘዴ ስትነግራት ከኩርፊያዋ ወጥታ አቀፈቻት። ታዲያ ምን ቸገረን አለች፤ መዞር ነው፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ለእንግዶች የተያዙት የፊተኞቹ ጨርቅ ለብሰዋል። መምህሩ መድረኩ ላይ እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርገዋል። ቀጭኔ የራሷ ምልክት ላይ ቆማ ገመዱን ሰካች። ዝዝታው አዳራሹን ሞላው። ከወዲያ ጥግ ወንበር የሚያስተካክሉት መምህር ቀና አሉ።

እንዳልሰማች ሆና በዝግታ መዞር ጀመረች፤ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው፣ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። ጩኸቱ ሳሳ፣ ቀጠነ፣ ከዚያም ጠፋ። መጥፋቱ እሷንም አስደነገጣት። ራሷን ያገኘችው ልክ ከመድረኩ የኋላ መጋረጃ ፊት ለፊት ቆማ ነው፤ ወንበሮቹ ሁሉ ከጀርባዋ ናቸው።

«ጎበዝ!» አሉ መምህሩ ወደ መድረኩ እየመጡ። «እውነትም ተሠርቷል።»

ጉሮሮ ከማይክሮፎኑ ኋላ አውራ ጣቷን አሳየቻት። ቀጭኔ ግን አላየቻትም፤ እዚያ ለቆመ ሰው ከመጋረጃው በቀር የሚታይ ነገር የለም። መጋረጃው መሐሉ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ከእንግዲህ የቀረው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካለች የጉሮሮ ወሬ እውነት ይሆናል፣ መምህሩ በሰላም ያድራሉ፣ እሷም ትጫወታለች። በዝግጅቱ ቀን እናቷ ከወንበሩ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። አጎቷም ይመጣ ይሆናል፤ ከመጣ ምንም አይልም፤ ሰውየው ለዚህ ልምድ አለው። ያን ሁሉ ዓመት ሲጫወት የሰው ፊት አይቶ ያውቅ ይሆን ብላ አሰበች።

«በይ አሁን ወደ ሰው ዙሪ» አሉ መምህሩ። «የምትጫወቺው ለመጋረጃው አይደለም።»

ጉሮሮ ፈጥና ደረሰችላት። «ልማዷ ነው ቲቸር፣ እንዲህ ነው የምትቆመው። ትንሽ ኮራ ትላለች።»

በደግነት ነው ያለችው። ቀጭኔም ይህንን ታውቃለች።

ዞረች። ጩኸቱ ከእሷ ጋር አብሮ ዞረ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ወፍራም፣ ፊቷ በትክክል ወደ ወንበሮቹ ሲሆን ሙሉ። ሙሉውን እንዲሰሙት እጇንም ከክሩ ላይ አነሣች።

«አልተሠራም ቲቸር» አለች። «አላሠራውምም። ድምፁ እንዲህ ነው።»

ጉሮሮ የማይክሮፎኑን ገመድ መመርመር ጀመረች። መምህሩ ወደ ሶኬቱ አዩ፤ ቀጥለው ወደ ቀጭኔ። ከዚያ ጨርቅ ከለበሱት ወንበሮች አንዱን ስበው ተቀመጡና እግራቸውን አነባበሩ። ጀምሩም አላሉ፣ አቁሙም አላሉ።

ጊታሩ ዝዝ ይላል። ቀጭኔ እጇን ወደ ክሩ መለሰችና ማንንም ሳትጠብቅ መጫወት ጀመረች። ጉሮሮ ተደናግጣ ነበርና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ዘግይታ ገባች።