በጠመኔ የተጻፈው አራት

በቀኝ ክንዷ ላይ ነበር።

የክትባቱ ቁስል... በቀኝ ክንዷ ላይ ነበር። ልጄ ግን የተከተበችው በግራዋ ነው።

ይህን ያየሁት በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም፤ በሕልሜ ያየሁትም አይደለም። ቀኑ ጥር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱ አመሻሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቦታው ቢቸና፣ የምንከራየው ባለ ሲሚንቶ ጣራ ቤት።

አሁን እሷ ትምህርት ቤት ናት። እስክትመለስ ሁለት ሰዓት አለኝ።

ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ስሜ የሺእመቤት ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ሰው ፈሪ ይለኛል፤ እውነት ነው። ውሃ ሳላፈላ ለልጄ አላጠጣም። ባስነጠሳት ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ። ባለቤቴ ገላው የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ "አንቺ እኮ ማን ይሞት ይሆን ብለሽ ነጠላሽን አጥበሽ የምትጠብቂ ሰው ነሽ" እያለ ይስቅብኛል።

እንዲህ የሆንኩት ግን ዝም ብዬ አይደለም።

ከሰባት ዓመት በፊት የምንኖረው ሞጣ ነበር። ማናለሽ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። በዚያ ዓመት ፈንጣጣ ገባ።

ማናለሽ ስትታመም እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

በአገራችን ፈንጣጣ የያዘውን ሰው የሚያስታምመው ቀድሞ በሽታው ወጥቶለት የተረፈ ሰው ነው። ሌላው አይቀርብም። አማቴ ወይዘሮ ሀብትነሽ በልጅነታቸው ወጥቶላቸው ስለነበር ልጄን ይዘው ጓዳ ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉ።

"ሆድሽ ውስጥ ያለውን አስቢ" አሉኝ በበሩ ቀዳዳ። "እኔ ሳልልሽ እንዳትከፍቺ።"

መለዋወጫው ቁልፍ እጄ ላይ ነበር።

ሦስት ቀን ከበሩ ውጭ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ጠራችኝ።

"እማ... ክፈችልኝ..."

አልከፈትኩም።

በአራተኛው ቀን መጥራቷን ተወች።

ከሁለት ወር በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ፋንታነሽ አልናት።

ማናለሽ ከመታመሟ በፊት ኮክ በልታ ፍሬውን በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ቀብራው ነበር። በቀለ። ገላው ወደ ቢቸና ሲዛወር ያንን ቆርቆሮ በቅሎ ላይ ታቅፌው መጣሁ። የተከራየነው ቤት ጣልያን የሠራው ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ። ከውስጥ ደረጃ ወጥቶ በብረት በር ወደ ጣራው ይዘለቃል። ገላው ግማሽ በርሜል አፈር ሞልቶ ኮኩን እዚያ ተከለልኝ።

በየዓመቱ ጥር ሲጠባ ያብባል። አንድ ቅጠል ሳይኖረው፣ ዛፉ ሁሉ ሐምራዊ አበባ ብቻ ይሆናል።

ታኅሣሥ ሠላሳ ቀን ጠዋት የፈንጣጣ ከታቢዎች መጡ።

ሁለት ናቸው። አንደኛው ደምለው የሚባል፣ ከሉማሜ የመጣ ቀልደኛ የጤና ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ጃፓናዊ ነው። ስሙ አልያዝ ስላለን ከተማው ሁሉ "ሚስተር" ይለዋል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የቤተሰቡን ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ሁሉንም ይከትባሉ፤ ሲወጡ በሩ ላይ በጠመኔ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። ላይኛው የቤተሰቡ ብዛት ነው። ታችኛው የተከተበው ሰው ብዛት።

ጃፓኑ በራችን ላይ ቆሞ ቀና ብሎ የኮኩን አበባ አየና እንደዚያው ቀረ። ከቦርሳው አንድ ፖስታ ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። በሥዕሉ ላይ ረጅም ፎቅ አለ። በፎቁ አናት ላይ የአትክልት ቦታ፣ የኛን ኮክ የመሰሉ አበባ በአበባ የሆኑ ዛፎች፣ በሥራቸውም ብቻዋን የተቀመጠች ሴት።

"አገሬ" አለ በተሰባበረ አማርኛ። "መናፈሻ... ሰው ብዙ። ጣራ... ሰው የለም። አበባ ብቻ። ጥሩ።"

"አገሩ የገባ መስሎታል" አለ ደምለው። "እትዬ የሺ፣ ይፍቀዱለትና ወጥቶ ይየው። አለዚያ ዛሬ አንድ ክንድ አይወጋልኝም።"

ፈቀድኩ። ጃፓኑ ቦርሳውን እንዳነገተ ወጣ።

ደምለው መጀመሪያ ገላውን ከተበው፤ ገላው ወደ ቢሮው ሄደ። ከዚያ እኔን። ከዚያ ፋንታነሽን፣ በግራ ክንዷ። አላለቀሰችም።

መዝገቡን ገለጠ። "ልጅ ስንት አለዎት?"

በእኛ ዘንድ የልጅ ቁጥር በቀጥታ አይነገርም። ብዙ ያለው ሰው ይቀንሳል። እኔ ያለችኝ ደግሞ አንዲት ናት። አንዲት ናት ብሎ ለማያውቁት ሰው መንገር... ዓይን መጥራት መሰለኝ።

"ሁለት" አልኩ።

"ስማቸው?"

"ፋንታነሽ..." ሌላ ስም ፈለግኩ። የመጣልኝ አንድ ብቻ ነው። "...ማናለሽ።"

"ማናለሽ የታለች?"

"ጣራ ላይ ናት። አበባ ታያለች።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

"ጥሩ፤ ሚስተር እዚያው ይወጋታል" አለና መዝገቡን ዘጋው።

ውሸቴን ላርም አፌን ከፈትኩ። ኀፍረት ያዘኝ። ዘጋሁት።

ጃፓኑ ሲወርድ ለደምለው አንድ ጣቱን አሳየው። ደምለው ራሱን ነቀነቀ። ከሄዱ በኋላ በሩን አየሁ።

ላይ አራት። ታች አራት።

ደምለው ሥራው የተሟላ እንዲመስል ሞልቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቁስሉ መያዝ አለመያዙን ለማየት ጥር ስምንት ቀን ተመልሰው መጡ። ገላው እናቱ ታመው ከአንድ ቀን በፊት ወደ ሞጣ ሄዷል። ደምለው የፋንታነሽን ክንድ አይቶ "ጎበዝ፣ ይዞልሻል" አላት። ጃፓኑ ግን ወደ ደረጃው እያየ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ሁለተኛዋስ? ይላል" አለኝ ደምለው።

"የትኛዋ?"

"ጣራ ላይ የወጋት።"

ፋንታነሽን ወደ ጉያዬ ሳብኳት።

"በጣም ዓይን አፋር ናት ይላል። ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ ነው ክንዷን የሰጠችው። ግራ ክንዷ ጠባሳ በጠባሳ ስለሆነ በቀኟ ወጋኋት ይላል።" ደምለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ የሺ... ልጅቷ ፈንጣጣ ወጥቶላት ያውቃል እንዴ?"

"ሞጣ ናት" አልኩት። "ከአባቷ ጋር ሄዳለች።"

ጃፓኑ ውሸቴ ገብቶት ነው መሰለኝ፣ አሁንም ደረጃውን ያያል።

"ቁጥሩን እንዳያጠፉት" አለ ደምለው ሲወጣ። "ተቆጣጣሪ ይመጣል።"

ሁለት ቀን ወደ ጣራው አልወጣሁም። የጎረቤት ልጅ በአጥር ተንጠላጥላ ወጥታ ይሆናል... ጃፓኑ ከሌላ ቤት ልጅ ጋር አምታቶት ይሆናል... እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ጥምቀት ደረሰ። ቢቸና ሁሉ ታቦቱን ተከትሎ ወጣ። እኔ ልጄን ወደዚያ ሕዝብ አልወስድም። ግፊያ አለ፣ በቅሎ ይራገጣል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ የማን ትንፋሽ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ፋንታነሽ ግን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አለቀሰች።

"እሺ አበባውን እንኳ ልይ" አለችኝ።

ያ ፖስታ ካርድ ትዝ አለኝ። ሰው የለም፤ አበባ ብቻ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያምር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዛፉ ከላይ እስከ ታች አብቧል። ጭፈራው ከሩቅ ይሰማል፤ በአጠገባችን ግን ማንም የለም። ሰሌን አንጥፌ ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ላላ።

ከዚያ አበባው መርገፍ ጀመረ።

ነፋስ የለም... ግን ይረግፋል። በአንድ በኩል ብቻ። ከፋንታነሽ በስተቀኝ።

ሰሌኑ ላይ ተነጠፈ። መሐሉ ላይ ግን ምንም ያላረፈበት ባዶ ቦታ ቀረ። ትንሽ ክብ ቦታ...

ልጅ የምትቀመጥበትን ያህል።

ፋንታነሽ ቆሎዋን ከፍላ ግማሹን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አኖረች።

"ለማን ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ለእሷ።"

"እሷ ማናት?"

"በር ላይ የተጻፈችው።" ቀና ብላ አየችኝ። "አራተኛዋ።"

"...ምን ትልሻለች?"

"እናትሽ ጠራችኝ ትላለች።"

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ እረግማለሁ። ልጄን አንስቼ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቁጥሩ ብቻ ነው። የጠራኋት በቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከጠፋ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ።

"ከዚህ እንዳትነቃነቂ" አልኳትና ወረድኩ።

የቀሚሴን ጫፍ ውሃ ነክሬ በሩን ፈተግኩት። ጠመኔ ነው፤ በአንድ ማበስ መልቀቅ ነበረበት። አልለቅ አለ። ስፈትገው ይጠፋል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሶ ነጭ ይሆናል። በድንጋይ ፋቅኩት። ጣቴ ደማ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ቀና ስል ጥላዬ ረዝሞ ከአጥሩ ማዶ ደርሷል።

በመጨረሻ ጠፋ። ከምድጃው ከሰል አምጥቼ በትልቁ ጻፍኩ።

ላይ ሦስት። ታች ሦስት።

ያን ጊዜ የሩቁ ጭፈራ ጸጥ አለ።

ፋኖሱን አብርቼ ደረጃውን ወጣሁ። ፀሐይ ጠልቃለች። ዛፉ ላይ አንድም አበባ የለም... ሁሉም መሬት ላይ ነው።

ልጄ ከበርሜሉ አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

አንዲት ልጅ። አንዲት ብቻ። ምስጋና ለእግዚአብሔር አልኩ።

"ነይ እንግባ።"

እጇን ሰጠችኝ። ቀዝቅዛለች፤ ብርዱ ነው አልኩ። ወደ ውስጥ ሳብኳትና የብረቱን በር ገፍቼ ዘጋሁት። ፋኖሱን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። ነጠላዋን ላስተካክልላት ስል ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

የክትባቱ ቁስል...

በቀኝ ክንዷ ላይ።

ግራ ክንዷን በቀሚሷ እጅጌ ውስጥ ደብቃዋለች።

ያን ጊዜ ከውጭ ብረቱ ተንኳኳ። በሩ ሥር፣ ዝቅ ብሎ... በትንሽ እጅ።

"እማ... ክፈችልኝ..."

የፋንታነሽ ድምፅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን አዳምጬ ያሳደግኳት ልጅ ድምፅ አይጠፋኝም።

እጄን ወደ በሩ እጀታ ሰደድኩ።

ሌላ እጅ ቀድሞኝ በሩ ላይ የተሰካውን ቁልፍ ይዞ ነበር።

"አትክፈቺ፣ እማ" አለችኝ በሹክሹክታ። ቁጣ የለባትም። እንደምታባብለኝ ነው የተናገረችው። "እኔም ሦስት ቀን ጠርቼሽ ነበር።"

"እማ... ጨለመ..." አለ ድምፁ ከውጭ።

"ልጄን..." አልኩ።

"ሦስት ነን ብለሽ ጻፍሽ እኮ" አለችኝ።

ከጸጉሯ አንድ የኮክ አበባ እግሬ ላይ ወደቀ።

ቁልፉን አዞረችው። አንዴ...

ሁለቴ።