ወደ ውስጥ ያዘነበለው ሶፍት

የላቦራቶሪ ኃላፊውን የኤልዊን ኪኞኔስን አስከሬን ያገኙት የጠዋት ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። መርዛማ ትነት በሚስበው ባለመስታወት ሣጥን ሥር ተደፍቶ ነበር። ጓንቱ አልወለቀም። መነጽሩ ከዓይኑ አልወረደም።

አስከሬኑ ማናቲ ከተማ ካለው የመድኃኒት ፋብሪካ ሳይወጣ፣ ዳይሬክተሩ ዶን ጊልቤርቶ ማቶስ ፍርዱን ሰጠ።

«ደንብ ጥሶ ነው የሞተው።»

ሙት አይከራከርም፤ ስለዚህ የሕያዋን ጥፋት ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ይጫናል። እናቱም ልጇን ቀብራ ሳትጨርስ «ግድየለሽ ወልደሻል» ትባላለች።

እህቱ ኖኤልያ ይህን የምትውጥ ሴት አልነበረችም። ላቦራቶሪውን የነደፈችው እሷ ናት። የትኛው ክፍል አየር እንደሚስብ፣ የትኛው እንደሚገፋ፣ ሣጥኑ ከበሩ ርቆ የት እንደሚቆም፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ወንድሟን የገደለው የእሷ ሥራ ከሆነ ማወቅ አለባት። ካልሆነ ደግሞ የገዳዩን አንገት ትፈልጋለች።

በቀብሩ ማግስት ከመርማሪ ሳንታና ጋር ወደ ላቦራቶሪው ገባች።

«ሣጥኑ ደህና ነው» አላት። «ሶፍቱን እይው።»

ከሣጥኑ አፍ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ጣሪያ ላይ ያለው ማራገቢያ አየር ሲስብ ሶፍቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ማራገቢያው ሲቆም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አሁን ወደ ውስጥ አዘንብሏል።

«ደወሉስ? ማራገቢያው ሲቆም የሚጮህ ደወል አስገጥሜ ነበር።»

«ገመዱን ቆርጠውታል።»

«ማን?»

«ሁሉም! መብራት በጠፋ ቁጥር እየጮኸ ራሳቸውን አዞረው። በዚህ ደሴት መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ላንቺ ልንገርሽ?»

ኖኤልያ ጥርሷን ነከሰች። የሰው ነፍስ በአንድ ቁራጭ ሶፍት ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች።

«ወንድምሽ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከዶን ጊልቤርቶ። ላቦራቶሪው ሲሠራ ርካሽ ማራገቢያ ካልገባ ብሎ ከእኔ ጋር ተናንቋል። ኤልዊን ከእኔ ጎን ቆመ። ሰውዬው ቂመኛ ነው።»

«ዞራይዳ ኮሎንስ?»

«እሷማ ቀብሩ ላይ እናቴን ደግፋ የቆመች ናት!»

ዞራይዳ የቀድሞዋ የላቦራቶሪ ኃላፊ ናት። የሕጻናት ሽሮፕ ሳትመረምር «ንጹሕ ነው» ብላ ስታሳልፍ ኤልዊን አጋለጣት፤ ወንበሯም ለእሱ ተሰጠ፣ እሷ በተራ ሠራተኛነት እዚያው ቀረች። «ይቅር ብዬዋለሁ» ትል ነበር።

ድንገት መብራት ጠፋ። የማራገቢያዎቹ ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ ሞተ። ጀነሬተሩ የሚያስነሳው አምፖሎቹንና ማቀዝቀዣዎቹን ብቻ ነው።

«ይኸው!» አለ ሳንታና። «አልኩሽ አይደል?»

ኖኤልያ ወደ ሣጥኑ ቀረበች። ዓይኗ ሶፍቱ ላይ ተተክሏል።

አየር የሚስብ ነገር የለም። ሶፍቱ ግን እንዳዘነበለ ነው።

ነካችው። እንደ ደረቅ ቅጠል ቆረቆራት። አሸተተችው። የፀጉር ስፕሬይ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ አዘንብሎ አድርቆታል።

ጣሪያው ላይ ወጡ። የዚያ ሣጥን ማራገቢያ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የለም። አልተበጠሰም፤ ተፈትቶ ተወስዷል። የሌሎቹ ማራገቢያዎች ጩኸት የእሱን ዝምታ ሸፍኖለት ነበር። ኤልዊን ሶፍቱን አየ፣ አመነ፣ ሽታ የሌለውን መርዝ ከፈተ።

«ጊልቤርቶን አሁኑኑ እሰረው!» አለች ኖኤልያ።

«በምን ማስረጃ?»

«እንግዲያው ማስረጃውን እኔ አመጣልሃለሁ። ስለ ቺንጋው ለማንም እንዳትተነፍስ።»

መብራቱ ሲመለስ ዶን ጊልቤርቶና ዞራይዳ ወደ ላቦራቶሪው ተጠሩ። ኖኤልያ የታሸገ ጠርሙስ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«ወንድሜ የከፈተው መርዝ ይኸው ነው። ዶን ጊልቤርቶ፣ ደንብ ጥሷል ብለዋል። እስቲ ደንቡን ያሳዩን። ይክፈቱት።»

«ልጄ፣ ሐዘኑ አእምሮሽን ነክቶታል።» ሶፍቱን ገልመጥ አደረገ። «ይኸው እየሳበ አይደል? ምን ችግር አለው?»

ጓንት አጠለቀ። እጁን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ።

ኖኤልያ ክው አለች። ሰውዬው ምንም አያውቅም!

ከኋላዋ ወንበር ተገለበጠ። ዞራይዳ አፍንጫዋን በጋዋኗ አፍና ወደ በሩ ሮጠች። በሩ ላይ ሳንታና ቆሟል።

«ወዴት ነው፣ ዶና ዞራይዳ?»

«አስወጣኝ!»

«ሶፍቱ እየሳበ ነው እኮ» አለች ኖኤልያ። «ምን ያስፈራዎታል?»

«አይስብም! ማራገቢያው አይሠራም! እንሞታለን፣ አስወጣኝ!»

«እንደማይሠራ በምን አወቁ?»

ዞራይዳ አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ጋዋን ለቀቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ የቀብሩ እንባ የነበረበት ፊት ቂም ብቻ ሆነ።

«በሰው ፊት አዋረደኝ! ጠርሙስ አያያዝ እንኳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አምኜው ከዳኝ፤ እሱም ያመነው ነገር ይክዳው ብዬ ነው!»

«ላልተመረመረ ሽሮፕ የልጅ ጉሮሮ ከፍተሽ ስለ ክህደት ታወሪያለሽ?» አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «እናቴን ያቀፍሽበት እጅ ነው ቺንጋውን የፈታው?»

ዞራይዳ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ዶን ጊልቤርቶ ጠርሙሱን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል፤ ዓይኑ ኖኤልያ ላይ ነው። «እና እኔን… እኔን ልትገድይኝ ነበር?»

«ውሃ ነው፣ አይፍሩ። አሁን እናቴ ደጃፍ ላይ ይቁሙና፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ልጇ ደንብ አልጣሰም ይበሉ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሳንታና ዞራይዳን በካቴና አስሮ ለባልደረባው አስረከበና ተመለሰ።

«እውነት ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው።» ኖኤልያ ጠርሙሱን መታጠቢያው ላይ ደፋችው። «መጀመሪያ ያነሳሁት ግን ሌላውን፣ እውነተኛውን መርዝ ነበር። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ እንደሌላት ትዝ ብሎኝ ነው የመለስኩት።»