የምርቃት እንጀራ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት ሲብት የሱሉልታ ሜዳ እንደ ልማዱ አልነበረም። በዚያ ወቅት ደርቆ መሰነጣጠቅ የነበረበት ረግረግ በበልጉ ዝናብ ርሶ ነበር፤ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ብርድ እስከ ረፋድ አይለቅም ነበር፤ ንቦቹም በየቀፎአቸው ደጃፍ ተከማችተው ፀሐይዋን ይጠብቁ ነበር። ዓለምን ሲያስጨንቅ የሰነበተው አዲስ ደዌ አዲስ አበባ መግባቱ በሬዲዮ የተነገረው በዚያው ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ እጁን መታጠብና ጎረቤቱን መጠርጠር በጀመረበት ሰሞን፣ በከተማው ዳር የሚኖሩ አሥራ አንድ ንብ አናቢዎች የተጨነቁት ግን በሌላ ደዌ ነበር፤ የንቦቻቸው እጮች በማሩ እንጀራ ቀዳዳ ውስጥ እንዳሉ እየነጡና እየደረቁ፣ እንደ ጠመኔ ስባሪ ጠንክረው በቀፎው ደጃፍ ይጣሉ ጀመር።

ይህን መጀመሪያ ያየችው ወይዘሮ ተስፋነሽ ናት። ከወላይታ ለግንባታ ሥራ መጥታ ብዙ ዓመት አሸዋ ስትሸከም ኖራ፣ ወገቧ እምቢ ሲላት አምስት ዘመናዊ ቀፎ ገዝታ ወደ ማኅበሩ ከገባች ገና ዓመቷ ነበር፤ ከእነዚያ አምስት ቀፎዎች በቀርም መተዳደሪያ አልነበራትም። ያየችውን አልደበቀችም። የደረቁትን እጮች በመድኃኒት ብልቃጥ ሰብስባ ለማኅበሩ አሳየች፤ ሌሎቹም በየቤታቸው ሄደው ቀፎ ሲከፍቱ አምስቱ ዘንድ ያው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ በሽታውን የተናገረችው ሴት በሽታውን ያመጣች ሴት ተባለች።

መጋቢት ስድስት ቀን፣ እሑድ፣ ማኅበሩ በሊቀመንበሩ በኦቦ ኢፋ ግቢ ተሰበሰበ። ጸሐፊው አቶ ሱሩር መዝገቡን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተናገረ።

«የታየው መጀመሪያ እሷ ዘንድ ነው። ቀፎዎቿ ከነንቦቹ ይቃጠሉ፤ ስሟም ከመዝገብ ይሰረዝ። እኔ በግል ጠላቷ አይደለሁም፤ ግን አሥራ አንድ ቤት በአንድ ቤት ምክንያት አይጠፋም።»

«እኔ ባልናገር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አለች ተስፋነሽ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገሩ ጀመር።

ሰባ ሦስት ዓመት የሆናቸው ኦቦ ኢፋ፣ ዓይናቸው ቢደክምም ቃላቸው ገና የሚሰማ ሰው ነበሩና፣ በትራቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። «ሳይጣራ እሳት አይነሣም» አሉ። «ብልቃጡ ሰበታ ላለው ላቦራቶሪ ይላክ። እስከ ሚያዝያ አምስት ቀን እንጠብቅ። ንቦቿ ታመዋል የሚል ወረቀት ከመጣ ያላችሁት ይሁን።»

ሽማግሌው ይህን ያሉት ለርኅራኄ ነው፤ ዳሩ ግን የተስፋነሽ ንቦች መታመማቸውን እንኳን ላቦራቶሪ ራሷ ተስፋነሽም ታውቀው ነበር። በርኅራኄ የተሰጠው ቀነ ገደብ በእርግጥ የሚደርስ ፍርድ ሆነ፤ ያን ዕለት ግን ይህን ልብ ያለ አልነበረም።

ብልቃጡ ሰበታ ሲደርስ በላሊሴ ቦጂያ እጅ ወደቀ። ላሊሴ የቡራዩ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ፣ ማዕረጓ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበር። ይህ ማዕረግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ የሊቃውንቱ ስም በጥናቱ ሽፋን ላይ ይጻፋል፤ የቴክኒሺያኑ ስም በጠርሙስ ላይ በእርሳስ ይጻፍና ጠርሙሱ ሲታጠብ ይጠፋል። ላሊሴ በዚህ አልተቀየመችም፤ እሷን እንቅልፍ የሚነሣት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ነገር ምን እንደሆነ ካወቀች በኋላ ከየት መጣ ሳትል አትቀመጥም፤ በልጅነቷም እናቷን በዚሁ አሰልችታለች።

ከደረቁት እጮች አንዱን ፈቅፍቃ በማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው። ጥቃቅን የሻጋታ ዘሮች ተጣብቀው ኳስ ሆነዋል፤ ኳሶቹ ደግሞ በአንድ ስስ ከረጢት ውስጥ ታቅፈዋል። ከዚህ በፊት በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይኗ አላየችውምና ምሳ ሰዓቷን እዚያው አሳለፈችው። ሻጋታውን በሰሃን ላይ ስታበቅልም፣ የጤነኛ ንብ አንጀት ውስጥ ምን ይኖር ይሆን ብላ ከዚያ የወሰደችውን ጠብታ በሰሃኑ መካከል ጣል አደረገች። በአምስተኛው ቀን ሻጋታው ሰሃኑን ሁሉ ሞልቶ፣ ጠብታዋ ዙሪያ ሲደርስ ግን ቆሞ አገኘችው። ከንቧ ጋር ተወልደው ከንቧ ጋር የሚኖሩ፣ ስማቸውን እሷም የማታውቀው ባክቴሪያዎች ድንበር አስምረው ነበር።

ወደ ኃላፊዋ ሮጣ አሳየችው። ኃላፊዋ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ደስ ይላል» አለ በመጨረሻ። «የተጠየቅነው ግን ይህን አይደለም። በሽታው አለ ወይስ የለም? አለ። ጽፈሽ ላኪ።»

ወረቀቱም ተጻፈ፤ «የአናቢው ስም፦ ተስፋነሽ። ውጤት፦ ተገኝቷል» ይላል። ማኅተም ከተመታበት በኋላ ላሊሴ ከብልቃጡ ጋር የመጣውን የአቶ ሱሩርን ሸኚ ደብዳቤ እንደገና አነበበችው፤ የማኅበሩ ውሳኔም በዚያ ላይ ሰፍሮ ነበር። በእጇ የያዘችው ወረቀት እውነት ነው፤ በዚህ እውነት ግን አንዲት ሴት ልትጠፋ ነው። አዘነች፤ ከሐዘኗም ይልቅ ያልተመለሰው ጥያቄ ቆረቆራት። ወረቀቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ ሚያዝያ አንድ ቀን፣ ከከተማ ከተማ የሚሄደው ትራንስፖርት ተቋርጦ ስለነበር፣ ሣር ሊጭን ወደ ሱሉልታ ባዶውን በሚወጣ አይሱዙ ጋቢና ተሳፍራ ሄደች። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍቶ ነበር። የተያዘ ሰው ሲገኝ ከማን ጋር እንደተገናኘ፣ እነዚያም ከማን ጋር እንደተገናኙ ወደ ኋላ እንደሚጣራ ይነገራል። ይህን ለአንድ ወር ያህል ስትሰማው ነበር፤ ለንብም ይሆናል ብላ ያሰበችው ግን ያን ዕለት፣ ከእንጦጦ ማዶ ሜዳው ሲታያት ነው።

ከአሥራ አንዱ ቤት አሥሩን ዞራ ቀፎ ከፈተች። የኦቦ ኢፋን ብቻ «የእኔ ደህና ናቸው» ስላሏት አለፈችው። ነፋሱን፣ የውኃውን ቦታ፣ አበባውን ጻፈች፤ ነገሩ ግን አልያያዝ አላት። አጥር ለአጥር ከሚኖሩት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞበታል፣ ሌላው ጤነኛ ነው፤ ከዥረቱ ማዶ ብቻውን ያለው ሰው ደግሞ ታሞበታል። ማምሻውን ተስፋነሽ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ተስፋነሽ፣ ቀፎ በስንት ጊዜ ነው የምትከፍቺው?»

«በየሳምንቱ። ሌሎቹ ማር ሲደርስ ብቻ ነው አሉ። እኔ አዲስ ስለሆንኩ እፈራለሁ፤ ምን ሆነውብኝ ይሆን እያልኩ አያቸዋለሁ።»

ላሊሴ እርሳሷን አስቀመጠች። መጀመሪያ የታየበት ቤት መጀመሪያ የታመመበት ቤት ላይሆን ይችላል፤ አይቶ የተናገረ ሰው ያለበት ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ባለፈው ኅዳር፣ ማር ሲቆረጥ፣ ማን መጣ እዚህ ግቢ?»

«ማን ይመጣል? ማሽኑ ነው የመጣው።»

ማሽን ያለችው ማኅበሩ በጋራ የገዛውን የማር ማጣሪያ ነው። በየዓመቱ ከኦቦ ኢፋ ቤት ተነሥቶ፣ ከዚያ በኋላ ዕጣ እንደወጣለት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሽማግሌው ማሽኑ በተገዛበት ዓመት «ባዶውን ቤት አይግባ» ብለው አንድ ወግ አቁመው ነበር፤ ማሽኑን የሚያስረክብ ሁሉ ከራሱ ቀፎ እንጀራው የተሠራበትን አንድ የእንጨት ፍሬም ከነማሩ ጨምሮ ይልካል፤ ተቀባዩም ያን አይበላውም፤ ለራሱ ንቦች ይሰጣቸዋል። ስሙም የምርቃት እንጀራ ይባላል። ብዙ ማኅበር በጠብ ሲፈርስ እነዚህን ሰዎች ሰባት ዓመት ያቆያቸው ይህ ወግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማግስቱ አቶ ሱሩር መዝገቡን ራሱ ይዞ ተስፋነሽ ቤት መጣ፤ ንጹሕ አያያዙን የሚያደንቅለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለው ነበር። ላሊሴ የዕጣውን ተራ ተከትላ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ከሁለተኛው ቤት እስከ ሰባተኛው ታሟል፤ ሰባተኛዋ ተስፋነሽ ናት። ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ግን አንድም የለም። ስምንተኛው ሱሩር ራሱ ነበር።

«አቶ ሱሩር፣ ከእትዬ ተስፋነሽ የመጣልዎትን እንጀራ ቀፎ ውስጥ አስገብተውታል?»

«ሥርዓቱ ነው። አስገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ሐሳቤ ፈረሰ» አለች ላሊሴ። «በእንጀራው የሚሄድ ቢሆን የእርስዎም ይታመሙ ነበር።» ላጲሷን አውጥታ ምልክቶቹን ታጠፋ ጀመር።

ሱሩር ላጲሱን በዓይኑ ይከተል ነበር። አንዱ ምልክት ጠፋ፤ ሁለተኛው ጠፋ። ተስፋነሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ የሚሆነውን በግማሽም ቢሆን ተረድታዋለች። ሱሩር የአፉን መሸፈኛ ነካካና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«አላስገባሁትም» አለ። «ልጆቼ በሉት። እውነቱን ለመናገር እኔም በላሁ።» የንቦቹን ድርሻ መብላት በማኅበሩ ዘንድ ነውር ነበርና ይህን መናገሩ ቀላል አልነበረም። ወደ ተስፋነሽ ቀና ሳይል «ማርሽ ጣፋጭ ነበር» ብሎ ጨመረ።

ላሊሴ ልትስቅ ፈለገች፤ ልታለቅስም ፈለገች። በሽታው የሚሄድበት መንገድ በአንድ ቤት ልጆች ሆድ ውስጥ አልቆ ነበር። ያጠፋቻቸውን ምልክቶች መልሳ ስታስገባ ግን እጇ ከገጹ ራስ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ቤት ከማን ተቀበለ? ሦስቱም ያውቁታል፤ ተነሥተው ወደዚያው ሄዱ።

ኦቦ ኢፋ ግቢ ሲደርሱ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ኢፋ?» አለች ላሊሴ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ኢንታላ ኮ፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ። ቀፎ ልታዪልኝ መጣሽ? ጉልበቴ ከያዘኝ ወዲህ፣ ከኅዳር ጀምሮ አልከፈትኩም። ይኼው ገብተው ይወጣሉ፤ ደህና ናቸው።»

ላሊሴ በማጨሻው ንቦቹን አብርዳ ክዳኑን አነሣች። ሦስተኛው ፍሬም ላይ የደረቀው ነጭ እጭ ነበር፤ የሻጋታ ዘር አፍርቶ የጠቆረውም ነበር፤ ከቀፎው ወለል ላይ ደግሞ የቆየው ተከማችቶ ነበር። እንዴት ብላ እንደምትናገር ቸገራት። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ዘረጉ። ከደረቁት እጮች አንዱን በመዳፋቸው ይዘው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

«ይህ ሕይወት አለው?»

«አለው፣ አባ። ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በእንጀራው ይሄዳል፤ ብርድና እርጥበት ሲያገኝ ይነሣል።»

«ሰው ይጎዳል?»

«ሰው አይነካም።»

«እኔ ዘንድስ ከየት መጣ?»

«አላወቅሁም» አለች ላሊሴ። ይህን ቃል ማለት ሁልጊዜ ያሳፍራት ነበር፤ ያን ዕለት ግን አላሳፈራትም።

«እንግዲህ እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ ኦቦ ኢፋ።

«ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፣ አባ።»

«እሷን ስንከስ ግን ማወቅ አላስፈለገንም።»

ላሊሴ እንጀራዎቹ ብቻ ቢቃጠሉ፣ ቀፎው ቢደርቅና ከመሬት ከፍ ቢል ንቦቹ እንደሚድኑ አስረዳች። የሽማግሌው እንጀራ የዚያኑ ዕለት በፊታቸው ተቃጠለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና ማኅበሩን መጥራት አልተቻለም፤ ስለዚህ ኦቦ ኢፋ በሦስተኛው ቀን ማለዳ በትራቸውን ይዘው፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው፣ ማሽኑ በሄደበት ተራ ከቤት ወደ ቤት ወጡ። ላሊሴ ልትደግፋቸው ብትል ርቀትሽን ጠብቂ አሏት። በየደጃፉ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ በሽታው ከእኔ ቤት ነው የተነሣው፤ እንጀራውን አቃጥሉ፤ ንቦቹን አትንኩ።

ሰባተኛው ደጃፍ ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ተስፋነሽ ስትወጣ ቀና ብለው አዩዋት። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ማር ቢያጡ ዳቦ፣ ዳቦ ቢያጡ የግቢያቸውን ጎመን ሳይዙ የሰው ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

«ልጄ» አሉ፤ «ዛሬ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

ተስፋነሽ ለይቅርታ መምጣታቸው ሳይነግሯት ገባት፤ እንባዋም መጣ። «ይግቡ፣ አባ» አለች።

«አልገባም፤ ጊዜው አይደለም። ስምሽ በመዝገቡ እንዳለ ነው። አጥፍቼብሻለሁና ይቅር በይኝ።»

እጃቸውን ልትስም ወደ ፊት መጣች፤ አዋጁ ትዝ አላትና በመካከሉ ቆመች። ሁለቱም እንደዚያ፣ በሁለት እርምጃ ርቀት፣ አንዳቸውም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሳያውቁ ጥቂት ጊዜ ቆሙ።

የዚያ ዓመት ታሪክ ሲጻፍ የሚጻፈው የሰው ደዌ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ስለ ንቦቹ የቀረው ላሊሴ ሰበታ ተመልሳ በወረቀቱ ላይ ያስጨመረችው አንድ መስመር ነው፤ «ሱሉልታ፤ አናቢ አሥራ አንድ፤ የተያዙ ሰባት፤ መነሻው አልታወቀም።» በዚያ መስመር ላይ የማንም ስም የለም። ሻጋታው ድንበር ያላለፈበት ሰሃንም በተራው ታጠበ፤ እሷ ግን ሥዕሉን በደብተሯ ነድፋ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ከፍታ ታየዋለች። ኦቦ ኢፋ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። በማኅበሩ ዘንድ አሁን ማሽኑ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ባዶውን ቤት ይገባል። አዲስ የገቡት አባላት ምክንያቱን ሲጠይቁ ድሮም ወጉ እንዲህ ነው ይባላሉ፤ ተስፋነሽ ግን ማሽኑን ስትቀበል ሁልጊዜ ውስጡን ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላም ላመጡላት «ተባረኩ» ትላለች።