ስፌት የሌለው መጋረጃ

«መስታወት ቆራጩ ሜትር አንገቷ ላይ ካንጠለጠለች ሴት ጋር ነው የታየው» አለች አክስቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

በመጀመሪያው ቀን ወሬ ሴትዮዋ አጠገቡ ቆማ ነበር። በማግስቱ ስትስቅለት ነበር። ዛሬ ደግሞ ክንዱን ይዛለች። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ኩፍ ይላል።

«ነገ መንታ ትወልድለታለች በይኛ፣ አክስቴ!» አለች ልጅቷ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

«እኔ የታየውን ነው።»

«አንቺ አየሽ ወይስ ሰው አየልሽ?»

«የታመነ ሰው ነው የነገረኝ» አለች አክስቷ፤ ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለጋትም።

ልጅቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ምላጭ» ይላታል፤ ለእጇ ሳይሆን ለምላሷ። ሙያውን ያስተማራት የለም። የሰው አሮጌ መጋረጃ እየተረተረች፣ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ እያየች ተማረች። ስለዚህ ሥራዋን የነካ ሰው እሷን የነካ ይመስላታል።

መስታወት ቆራጩ የመጣው የሱቋ በር መስታወት የተሰነጠቀ ለት ነበር። ሁለቴ ለካ፣ አንዴ ቆረጠ፣ ገጠመ። ከዚያ መሄድ ሲገባው ቆመ።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት» አለ። «ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ከሁሉ አብልጣ ትወዳለች። ዘንድሮ ወጥታ ዛፎቹን ማየት አትችልም። ወቅቱን ቤት ላስገባላት ፈለግሁ።»

ስንት ደንበኛ አስተናግዳለች፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን ሰምታ አታውቅም። መቀሷን አስቀምጣ ተከተለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሰዓት ከሰዓቱን እናቱ ክፍል ትውላለች። የትራሱን ልብስ በዝገት ቀለም ቀየረች። የደረቀ የስንዴ ዛላ በማሰሮ አቆመች፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ትንንሽ ዱባ ደረደረች። እሱ ከሥራ ሲመለስ ቅጠል በኪሱ ሞልቶ ይመጣል፤ እሷ በወረቀት መሀል አድርጋ በካውያ ትተኩሰውና በክር ሰክታ ከአልጋው በላይ ትሰቅለዋለች።

«ይህቺኛዋ አኩርፋለች» ይላታል የተጠቀለለች ቅጠል እያቀበላት። ለሱ መዶሻዋም፣ መሰላሏም፣ መስታወቷም ሴት ናቸው።

«አንተ ዘንድ ወንድ የሚባል ዕቃ የለም?»

«እኔ አለሁ።»

እናቱ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች። «የዚህች ልጅ ምላሷ ይቆርጣል፤ እጇ ግን ይሰፋል» አለች። ልጅቷ አቀረቀረች። ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ስለ ዱባዎቹ ማውራት ጀመሩ።

የቀረው መጋረጃው ብቻ ነበር።

«መጋረጃው የተሰቀለ ቀን፣ እናቴ ፊት አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ» አላት በር ላይ።

«አሁን ጠይቀኝ።»

«የተቆረጠ መስታወት አይቀጠልም። ልለካ።»

ጥያቄውን አወቀችው፤ መልሱም ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መጋረጃውን ይጠብቅ ጀመር። ለራሷ ቤት ስትል ዓመታት ያስቀመጠችው የዝገት ቀለም ጨርቅ ነበራት፤ አወጣችው። ለመስኮቱ ስለጠበበ ሁለት ቁራጭ አድርጋ ልትገጥመው አሰበች።

«መሀሉ ላይ ስፌት ይኖራል?» አለ እሱ።

«የእኔ ስፌት አይታይም!»

መስኮቱን በዓይኑ ለካው። ነገሩ ለሷ እዚያ ላይ አለቀ።

የአክስቷ ወሬ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። በአራተኛው ቀን ሥራ አድርሳ ስትመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፤ መስታወት ላይ ምልክት በሚያደርግበት ወፍራም እርሳስ የተጻፈ አራት ቃል፦

ሰፊ አግኝቻለሁ። ያንቺ ይቅር።

አክስቷ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አነበበች። «አላልኩሽም? ሰፊ ናት! ሜትሩ አንገቷ ላይ ለጌጥ የዋለ መስሎሽ ነበር?»

በማግስቱ እሱ መጣ፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ወረቀቱ ደረሰሽ?»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«ተቀየምሽ እንዴ? ያንቺ አልበቃም እኮ። ብዙ አሰብኩበት።»

«ካሰብክበት ደግ አደረግህ። እናትህስ?»

«አይታታለች። ስታያት ከትራሷ ቀና አለች፤ በእጇ ዳበሰቻት።»

እንዳትጠይቅ ምላሷን ነከሰች፤ ምላሷ ግን መቼ ሰምቷት ያውቃል።

«ቆንጆ ናት?»

«እሳት ናት። ገና ስትገባ ክፍሉ በራ።»

«እንግዲህ ይዘሃት ኑር!»

በሩን ዘጋችው። እሱ የገጠመው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከኋላው ጥላው ቆሞ ይታያታል። አንዴ ቢያንኳኳ ልትከፍት እጇን እጀታው ላይ አደረገች። ግን መስታወት ቆራጭ ነው፤ የሚሰበር ነገር አይደበድብም። ጥላው ትንሽ ቆየና ሄደ።

እናቱ ዛፎቹ ሳይራቆቱ ሞተች። ምላጭ እስከ ቤቱ ማዶ ሄዳ ነበር። ሰው ይገባል ይወጣል፤ መስኮቱ ላይ ግን አንዳች መጋረጃ የለም። «ባለሙያዋ አልደረሰችም» አለች በልቧ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ልቧ ምላጭ ነበር። ገብታ «ነፍስ ይማር» ሳትል ተመለሰች።

እሱ ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አገባ፤ ይኼኛው ወሬ አልነበረም፣ ልጁን ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ አይታለች። ደህና ፎቶ ነው። እንደ ድሮው ፀጉሩን አላበጠረም።

በሦስተኛው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ አንዲት ደንበኛ ለሳሎኗ የቅጠል ቀለም ያለው መጋረጃ አዘዘቻት። በሰፈሩ ብታጣ ሩቅ ገበያ ወዳለ ጨርቅ ቤት ሄደች። ባለሱቋ ሜትር አንገቷ ላይ ያደረገች፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። ከመደርደሪያው ጫፍ የታጠፈ ጨርቅ አወረደች፤ የዝገት ቀለም፣ የረመጥ ቀለም።

«ይህቺ ሰፊ ናት» አለች «ፊ»ን አጥብቃ። «ትልቅ መስኮት ያለ ስፌት ትሸፍናለች። አንድ መስታወት ቆራጭ ሦስት ቀን ተመላልሶ ነው ያስመጣኝ። እናቱ ታማ፣ ተኝታ ስታይ ዓይኗ ስፌት ላይ እንዳያርፍ ብሎ።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ያዘች። «እና አንቺ ሰፋሽለት?»

«እኔ? መርፌ መያዝ አልችል! የምትሰፋለት ነበረችው፤ ስለሷ ሲያወራ ነበር ሦስቱንም ቀን የዋለው። የሷን ጨርቅ "ለቤታችን ታስቀምጠው፣ ለእናቴ አይቆረጥም" አለኝ። በኋላ ግን ሳትቆረጥ መልሶ አመጣት። "የምትሰፋት ተቀይማኛለች፤ ሌላ እጅ አይነካትም" ብሎ።»